ለአቧራ ያልኩት መነጽር

ኅዳር 14

ከዛሬ ጀምሮ የምሠራው መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ነው። ርእሰ መምህሩ ቅጣት አላለውም። «ወሬው እስኪበርድ ትንሽ ዕረፍት» ነው ያለው። የኔን ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህር ይሸፍናል።

ሰው ሁሉ እንደፈለገው እያወራው ስለሆነ፣ የሆነው ነገር ቢያንስ አንድ ቦታ እንደሆነው ይቀመጥ። ተማሪዬ ትዝታ ሰሌዳው ላይ የልብን ሥዕል ሥላ ደም ከየት ወዴት እንደሚሄድ ስታስረዳ ነበር። አንድ ስሕተት አልነበረባትም። ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ትዝታ፣ ከእኔ በለጥሽ እኮ!» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ እሷም ተከትላው ወደቀች። ተንቀጠቀጠች፣ አፏ አረፋ ደፈቀ። ወንበሮቹን አራቅኩ፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ ነጠላዬን አጥፌ ከራሷ ሥር አደረግኩላት። ሐኪም ቢኖር ኖሮ በዚያ ሰዓት ከዚህ የተለየ አያደርግም ነበር።

አባቷ አያ እንግዳው መጣ። የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ነው፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የጠየቀው «ምን ሆነች?» ብሎ አይደለም። «ማን ነበር ያያት?» ነው ያለው። ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ቤት ወስደው አጠኗት። ዘመድ ከብቦ «ማን በላሽ? ማን በላሽ?» እያለ ሲጠይቃት «ሰብሌ» አለች ተባለ፤ የኔን ስም።

እኔ የገብረመስቀል ልጅ ነኝ። አባቴ ባለእጅ ነው፤ ነሐስና ብረት ቀጥቅጦ መስቀል ይሠራል። የባለእጅ ልጅ ያየው ይታመማል፣ ያመሰገነው ይጠወልጋል ይላሉ። ቡዳ ይሉናል። አባቴ የሠራውን መስቀል ተሳልመው ሲመለሱ፣ በራችን ላይ ሲደርሱ ያማትባሉ። ዲግሪዬን ስይዝ ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ነበር።

አልፈራሁም። ቢያንስ ይህ ይታወቅ።

ኅዳር 17

የመምህራን ማረፊያ ውስጥ እኔ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ባዶ ነበር። ጣሃ ብቻ መጣ። ኬሚስትሪ ነው የሚያስተምረው፣ የሐይቅ ልጅ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ወደ ምሳዬ ዘረጋ።

«ወላሂ ርቦኛል። ያንን ዳቦ ወዲህ በይው።»

«አትፈራም?»

«ምኑን?»

«እንዳልበላህ።»

«እኔን ብትበይ የሚያምሽ ሆድሽን ነው። የኬሚስትሪ መምህር መራራ ነው።»

ጮክ ብሎ ነው ያወራው። ሁሉም ሰምቷል። ማንም አልሳቀም። እኔ ሳቅኩ፤ ከዚያ መጻሕፍት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁትና ጥቂት ቆየሁ። መደርደሪያውን እያስተካከልኩ ነበር።

ኅዳር 19

ጥቁር መነጽር ገዛሁ፤ ለፈረንጆቹ ከሚሸጡት። መንገዱ እየተሠራ ስለሆነ አቧራው አያስቆምም።

ኅዳር 22

ትናንት ኅዳር ጽዮን ነበር። እናቴ ከአለት ወደ ተፈለፈለው ቤተ ማርያም ወረደች። እኔ ወደ ጉድጓዱ አልወረድኩም፤ ከላይ ከአለቱ አፋፍ ቆሜ አስቀደስኩ። ደረጃው ተጨናንቆ ስለነበር ነው። ከላይ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያኑ ከእግር በታች ነው፤ የሰው ራስ ብቻ ነው የሚታየው፣ ነጭ በነጭ። አጠገቤ ቆመው የነበሩ ሁለት ሴቶች ቀስ እያሉ ወደዚያ ተጠጉ። ፀሐዩን ሸሽተው ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ የእናቴ የማርያም ማኅበር ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ በተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋው በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአንዷ ቤት ወደ ቀጣይዋ ቤት ይሸኛል። ትናንት ጽዋውን የተረከበችው እማማ ገለቴ ነች። እሷ ታኅሣሥ ላይ ትደግሳለች። ከሷ ቀጥሎ እኛ ነን፤ ተራችን ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም ቀን ይውላል። እናቴ ይህ ቀን እንዲደርሳት ስትመኝ ስንት ጊዜዋ ነው! ከአሁኑ ጌሾ ገዝታለች። ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ከመደቡ ላይ ዘርግታ ስትለካ «ሰብልዬ፣ አበባው አልበዛም?» አለችኝ።

አልበዛም አልኳት።

ኅዳር 28

ልብ ይመታል። ያለ ምክንያት። እጅ ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይደርቃል። አድሬናሊን ነው። አስተምሬዋለሁ፣ ለፈተናም አውጥቼዋለሁ። አሁን ደግሞ ገበያ መሐል ያዘኝ። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 4

እማማ ገለቴ የክርስትና እናቴ ነች። ጎረቤትም ነን። ልጇ ከሁለት ወር በፊት ወንድ ልጅ ወልዷል። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ብዬ እሱን ሳላቅፍ አላልፍም ነበር። ዛሬ ምራቷ ደጃፍ ላይ አስተኝታው አየሁና «እንዴት ዋለ?» ብዬ ቀረብኩ። ነጠላዋን ስባ ፊቱን ሸፈነችው።

«ፀሐዩ ነው» አለችኝ።

ሰማዩ ደመና ነበር። ግን ምን እላለሁ? እኔ ለአቧራው ነው እላለሁ፣ እሷ ለፀሐዩ ነው ትላለች።

ታኅሣሥ 10

የተማሪዎቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ፎቶዬን ለጥፈው ዓይኔ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋል። ጣሃ ነው ያሳየኝ፤ «ከሌላ ሰው ከምትሰሚው» ብሎ። ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። «ስም ማጥፋት ነው፣ ልክ ነሽ» አለኝ። «ማንን ትከስሻለሽ? ልጅቷን?»

ማንን? እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ቤት ደረስኩ። አባቴ ወናፉ አጠገብ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ አንቀጹ። መዶሻውን አላቆመም። ስጨርስ፦

«ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አለኝ።

«የትኛዋ ልጅ?»

«የታመመችው።»

ተናድጄ ወጣሁ። አባት አይደል? ለኔ ነበር መቆም የነበረበት።

ለትዝታ ግን አንድም ቀን አልጸለይኩም። ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ታኅሣሥ 13፣ ማታ

ለማንም የማልነግረውን እዚህ ልጻፈው።

እውነት ቢሆንስ?

ሳይንሱን አውቀዋለሁ። ዓይን ብርሃን ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም። በሥዕል ላሳይ እችላለሁ፣ አሳይቻለሁም። ግን ይህ ጥያቄ ውስጤ ከገባ ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ እየበረበርኩ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የወደድኩት የጓደኛዬ ቀሚስ በማግሥቱ ሽቦ ላይ ተቀደደ። የጎረቤት ላም፣ «ጡቷ ሲያምር!» ያልኳት፣ ታመመች። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አልጋ የምትጋራኝ ልጅ ክንዷን የሰበረችው ስለ ሩጫዋ ካደነቅኳት በኋላ ነው። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነገር አይቶ ያደንቃል፣ የሰው ልጅ ሁሉ ይታመማል። ይህን አውቃለሁ። ግን ማወቄ ልቤ ዘንድ አልደርስ አለ።

የገለቴ ምራት የሕፃኑን ፊት ስለሸፈነችው የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ነጠላውን ስትስብ ውስጤ አንድ ነገር «እሰይ» ብሎ ነበር።

ልጸልይ ብዬ ቆምኩ። አቡነ ዘበሰማያት አልኩ፤ ግማሹ ላይ ጠፋኝ። ሥዕለ ማርያም ፊት ቆሜ እሷንም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሥዕልን እንኳ!

ታኅሣሥ 21

ዛሬ ማኅበሩ እማማ ገለቴ ቤት ነበር። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ጠርጋ፣ መጋረጃውን ሰቅላ፣ ጽዋው የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አልብሳ ሄደች። ማታ እየዘመሩ ይዘውት ይመጣሉ ብዬ ደጁን ውኃ ረጨሁት።

ብቻዋን መጣች። ባዶ እጇን።

«ጽዋውስ?»

«እግሬን አሞኝ ገለቴ ጋ ይቆይ አልኩ። ቀን አለን።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። እውነትም ሰሞኑን እግሯን ያማታል።

ታኅሣሥ 22

እናቴ ማልዳ አሸተን ማርያም ወጥታ ተመለሰች። ያንን ሁሉ አቀበት። የምትሳለው ነገር እንዳላት ነገረችኝ፤ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እግሯ ደህና ነው።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ሁለት ቀን ጽሑፍ ቀርቶ መቀመጫ ጊዜም አልነበረኝም። ተሳላሚው ከየአገሩ ጎርፎ ከተማዋን ሞላት። የእኛም ቤት እንደ ሌላው ቤት እንግዳ ተቀበለ፤ ከኮን በእግራቸው የመጡ ሰዎች። እግር ማጠብ የኔ ድርሻ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሞቅ ያለ ውኃ በገንዳ አቀረብኩ። አንገቴን ስለምደፋ መነጽሩን አወለቅኩ። እግር ብቻ ማየት እንዴት ያሳርፋል! የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ የመንገድ አፈር፤ ውኃው ጠቁሮ ሲደፋ ደግሞ ሌላ እግር።

አንድ ጎረምሳ ውኃ ሊጠጣ ወደ ጎረቤት ዘልቆ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ለጓደኞቹ አንሾካሾከ። ጓዛቸውን አንሥተው ወጡ። የቀሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ አያ ቢሆነኝ ይባላሉ። እግራቸው ገንዳው ውስጥ ነበር።

«አያ፣ እርስዎም ከፈለጉ ይሂዱ፤ አልቀየምም» አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ከንዴት ነው።

«ቡዳ ነች አሉኝ እኮ ልጄ።»

«ይላሉ።»

«ታዲያ ከኔ ምን አገኝ ብለሽ ትበይኛለሽ? አጥንት ነኝ። ይልቅ ግራውን ደግመሽ እሺው፣ እሱ ነው የጠዘጠዘኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ግራ እግራቸውን ደግሜ አሸሁት። እራት ሲቀርብም ደግመው በሉ። ሌሊቱን አፋፉ ላይ ሆነን ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ስንሰማ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ብርድ ስለሆነ። ወደ ኮን ሲመለሱ «ማርያም ታሳድግሽ» አሉኝ፤ ገና የማድግ ይመስል።

ጥር 2

ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ይዤ ሳለሁ ከኋላዬ ሁለት የማኅበሩ ሴቶች ስለ እናቴ ያወራሉ። በመነጽሩ አላወቁኝም።

«እሷስ ጨዋ ነች፣ ጥሩነሽ ምን አለባት። ግን ጽዋውን እዚያ ቤት አስገብተን ማን ይቀምሳል?»

«ገለቴ እኮ ለጥሩነሽ ነገረቻት። ‹ተራሽን ለዘንድሮ እለፊው› አለቻት። አለቀሰች አሉ።»

ቤት ገብቼ እናቴ ፊት ቆምኩ። «እግርሽን አላመመሽም» አልኳት።

መካድ አልሞከረችም። «ስለ ራሴ አይደለም የኔ ልጅ። ድፎውን ጋግሬ፣ ማንም ሳይቆርሰው ቢያድር ብዬ ፈራሁ። ያንን ማየት አልችልም። አንቺ ያንን እንድታዪ አልፈልግም።»

ስንት ሰው ፈራ በአንድ ቤት! እሷ ዳቦው እንዳያድር፣ እኔ… አባቴ ብቻ ነው የሚቀጠቅጠው።

ጥር 5

ገነተ ማርያም ሄጄ ተመለስኩ። በርጋታ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

የተጠመቅኩት እዚያ ነው፤ የንስሐ አባታችን መምሬ ታፈረም የሚያገለግሉት እዚያው ነው። ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። መስቀል አሳለሙኝና መነጽሬን አዩት።

«ፈረንጅ ሆነሻል እንዴ?»

«ለአቧራው ነው አባቴ።»

«እዚህ ሣር ነው ልጄ።»

አወለቅኩት። ግን ጎመኑን ነው ያየሁት። ሁሉንም ነገርኳቸው። የትምህርት ቤቱን፣ የጽዋውን፣ የፖሊሱን። ስለ ደረሰብኝ በደል ስናገር ምላሴ አልተደናቀፈም፤ ጥሩ ተናጋሪ ነኝ። ዝም ብለው ሰሙኝና፦

«ይህን ሁሉማ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «የመጣሽበትን ንገሪኝ።»

የዚያን ጊዜ ነው የወጣኝ። «አባቴ፣ እውነት ቢሆንስ?»

አልሳቁም። አልተቆጡም። መኮትኮቻውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጥበው መጡ። «ባዮሎጂ አይደል ያስተማሩሽ?»

«አዎ።»

«እሱ ምን ይላል?»

«ሐሰት ነው ይላል።»

«ልክ ይላል። ታዲያ ለምን አላሳረፈሽም?»

አውራ ጣታቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ።

«በሰማንያ ቀንሽ እዚህ ደጅ አመጡሽ። ያቀፈችሽ ገለቴ ነች። ጯሂ ነበርሽ፣ እስከ ዛሬም አልተውሽም። አጥምቄ ሜሮን ቀባሁሽ። መጀመሪያ እዚህ። ቀጥዬ እዚህ» አሉና በአንደኛው የዓይኔ ቆብ ላይ፣ ከዚያ በሌላው ላይ መስቀል አደረጉ። ጣታቸው የአፈር ሽታ አለው። «ይህ ዓይን የታተመ ነው። ያተመው እኔ አይደለሁም፣ መንፈስ ቅዱስ ነው። እሱ ባተመው በር ሌላ ይገባል ይወጣል ብለሽ ነው የምትነግሪኝ? ሰዎቹ ይሳሳቱ፣ ስለማያውቁ ነው። አንቺ ግን ጥምቀትሽን እንዴት ረሳሽ?»

አለቀስኩ። የዚህን ሁሉ ጊዜ እንባ። እስካበቃኝ ድረስ ጠበቁኝ።

«ግን አሁንም ይፈራኛል… እፈራለሁ» አልኳቸው። ምላሴ ተሳሰረ። «ይይዘኛል፤ ልቤን፣ እጄን።»

«ሊይዝሽ ይችላል። ጌታችንስ በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ወርዶ የለም? መጨነቅን እሱም ያውቀዋል። እሱ ግን ምን አደረገ? ጸለየ፣ ተነሣ፣ ሄደ። እስኪያልፍለት ተቀምጦ አልጠበቀም።»

የማኅበሩን ሴቶች እንዲናገሯቸው ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ከተናገርኩማ ይመጣሉ። ይገዝተናል ብለው ፈርተው ይመጣሉ። በፍርሃት ተሰብስቦ ማኅበር አለ? አንቺው ሂጂ። ያቀፈችሽን ጠይቂ።»

ቀኖና ይሰጡኛል፤ ስግደት ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። የሰጡኝ ይህ ነው፦ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቀና ብዬ፣ ዓይኑን አይቼ ሰላም እንድል። ስግደት ይሻለኝ ነበር።

እግረ መንገዴን ጎመንም ሰጡኝ።

ጥር 7

ሰላም አልኩ፦ ለጣሃ፣ ለዘበኛው፣ ለአንዲት አህያ ለምትነዳ ሴት። አህያዋንም አየኋት።

የመጻሕፍት ክፍሉን መስኮት ከፈትኩት። ጠዋት ጠዋት ለትዝታ መጸለይ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ቀን ጥርሴን ነክሼ ነበር። ዛሬ ትንሽ ቀለለ።

ጥር 11

ጥምቀት። መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ታቦቱን ተከትዬ፣ ሕዝቡ መሐል፣ ቀና ብዬ ብዙ ርቀት ሄድኩ። ውኃው ሲረጭ ፊቴን ሰጠሁት። ከዚያ አያ እንግዳው ከፊቴ መጣ፤ ትዝታን ክንዷን ይዟል። ከስታለች። ዓይኗ ዓይኔን ፈለገ። እኔ ግን መነጽሩን ከኪሴ አውጥቼ አደረግኩ። እጄ ነው ያደረገው፣ ሳላዘው።

ጸለየ፣ ተነሣ፣ ሄደ። እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የተሰናከልኩት።

ጥር 18

ሄድኩ።

ሌሊቱን ይይዘኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የያዘኝ ግን ማለዳ በር ስከፍት ነው። ልቤ፣ እጄ፣ ሁሉም። ደጃፉ ላይ ቆሜ አማተብኩ፤ ዓይኔ ላይም በአውራ ጣቴ መስቀል አደረግኩ፣ መምሬ እንዳደረጉት። አልተወኝም። ቢሆንም እግሬ ሄደ፤ መንገዱ አጭር ነው። መነጽሩን ቤት ትቼዋለሁ።

እማማ ገለቴ ግቢ ውስጥ ስንዴ ታበጥራለች። ምራቷ ሕፃኑን ይዛ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። እንዳየችኝ ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጣለች።

«እንዴት አደሩ እማማ» አልኩ። አየኋት፣ ዓይኗን። ሸሸች፤ ወደ ስንዴው።

«ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?»

«ጽዋውን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ሰፌዱ ቆመ። «ለናትሽ ተነጋግረናል እኮ…»

«እናቴ ተነጋግራለች። እኔ አልተነጋገርኩም።»

«አንቺዬ፣ ነገር አታብዢ። ክፉ አስቤ ይመስልሻል? ሰው ባይመጣ እናትሽ ትዋረዳለች ብዬ ነው። ድግሱ ተደግሶ ሰው ሲቀር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰው ባይመጣ ድንግል ማርያም ትመጣለች። ከሷ የሚበልጥ እንግዳ አለዎት?»

እማማ ገለቴ ፊቷ ቀላ። «እንዲህ ያለ አፍ ከየት አመጣሽ?»

«ገነተ ማርያም። እዚያ የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት። መምሬ ታፈረ ዓይኔን ሜሮን ሲቀቡኝ ያቀፉኝ እርስዎ ነበሩ። ‹ሰይጣንን ትክጂያለሽ?› ተብዬ ስጠየቅ፣ ምላሴ አልተፈታም ነበር፤ ‹እክዳለሁ› ብለው በእኔ ፈንታ የመለሱ እርስዎ ነዎት። እኔ ያንን ቃል ይዤ ነው የኖርኩት። እርስዎ ትተውት ከሆነ ይንገሩኝ።»

ይህን ለመናገር አልተዘጋጀሁም ነበር። ንዴትም አልነበረበትም።

ለረጅም ጊዜ ስንዴውን አየች። ከዚያ ቀና አለች። ከኅዳር ወዲህ ዓይኔን ስታየኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ያረጀ ዓይን ነው፣ ዳር ዳሩ የነጣ። እሷም ፈርታለች። እንዲህ ቀርቤ አይቼው ስለማላውቅ አልገባኝም ነበር፤ ክፋት መስሎኝ ነበር።

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ጽዋውን በቀይ ጨርቁ እንደተጠቀለለ አቀፈችው።

«እስከ በር እሸኝሻለሁ» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

እስከ በር ሸኘችኝ። እኔም ጽዋውን ይዤ በፀሐይ፣ በመንገዱ መሐል፣ ሰዉን ሁሉ እያየሁ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ቡሃቃውን ጥላ ተንበረከከች። አባቴ ከወናፉ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

ጥር 21፣ ማታ

ድፎው በኮባ ተጋግሮ ወጣ። ጠላው ጥሩ ነበር። መምሬ ታፈረ ከገነተ ማርያም በጊዜ መጡ። ከዚያ ማንም አልመጣም። ተቀመጥን። እናቴ የመሶቡን ክዳን ደጋግማ አስተካከለች። አባቴ «ደመናው ከብዷል» አለ፤ ደመና አልነበረም። እኔ በሩን አየሁ። ያዘኝ፣ ልቤ። አዎ፣ ያዘኝ። መምሬ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ፤ ተከተልኳቸው። ቃል በቃል እየያዝኩ ተከተልኳቸው። እኩሌታው ላይ ስደርስ ሰው ባይመጣም እንደምቀጥል ገባኝ። እንዲሁ ገባኝ። ልቤ አልቆመም፣ ግን ከጸሎቱ እኩል መራመድ ጀመረ።

ልንጨርስ ስንል እማማ ገለቴ ገባች። ከኋላዋ ምራቷ ሕፃኑን አዝላ። ከነሱ ኋላ ሌሎች አንድ በአንድ፣ በር ላይ እያማተቡ፣ እያመነቱ። ከማኅበሩ ግማሹ አልመጣም። ሱቅ በር ላይ ካወሩት ሁለቱ አንዷ መጥታለች፤ አንዷ ቀርታለች። የመጣችውን አይቼ ሰላም አልኳት።

መምሬ ባርከው ዳቦውን ቆረሱ። ትሪው ዞረ። ሁሉም ቁራሹን ይዞ እማማ ገለቴን ያያል። እሷ የያዘችውን አየችው፣ ጎረሰች፣ አላመጠች። ዋጠችና «ጥሩነሽ፣ ጨው አሳንሰሻል» አለች። ቤቱ በአንዴ ማላመጥ ጀመረ።

ከዚያ ምራቷ ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደችና ጠላ ልትቀዳ ስትነሣ የምታስይዘው ሰው አጣች። አጠገቧ ያለሁት እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ አየን። እማማ ገለቴ «ስጪያት» አለች። ሰጠችኝ፤ ፊቱ አልተሸፈነም። ወፍሯል። አየሁት። ጨነቀኝ፤ ልጨፍን ነበር። ዓይኔ የታተመ ነው አልኩ በልቤ፣ እና አልጨፈንኩም። እሱም አየኝ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ እንደ ዳኛ። ከዚያ ሙቀት ጭኔ ላይ ተሰማኝ። ነጩ ቀሚሴ ከላይ እስከ ታች ራሰ።

«ኧረ ሸናባት!» አለች አንዷ።

«በሉ እንግዲህ» አለች እማማ ገለቴ፣ «ማን ማንን እንደበላ አየን!»

መምሬ ታፈረ እንኳ ጠላቸው ትን አላቸው። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች። ጽዋውን ምሽት ላይ ለቀጣይዋ ባለተራ እየዘመርን አደረስን። የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ በራሰ ቀሚሴ።

ጥር 25

አሁንም መጻሕፍት ክፍል ነኝ። ርእሰ መምህሩ «እናያለን» ይላል። በጽሑፍ ጠይቄዋለሁ፣ በጽሑፍ እንዲመልስልኝ እጠብቃለሁ። ዝም አልልም።

ትዝታ መጽሐፍ ልትዋስ ብላ መጣች። መደርደሪያዎቹ መሐል ቆማ መጽሐፉን አልነካችም።

«ቲቸር» አለችኝ፣ «ጭሱ እንዲያቆም ብዬ ነው። የሚጠይቁኝ ስም የእርስዎ ብቻ ነበር። ‹ሰብሌ ነች? ሰብሌ ነች?› ሲሉኝ አዎ አልኩ።»

ይህን ስሰማ ምን እንደምል ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር። ረጅም ንግግር ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ለካ ጭሱ ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

ስለ በሽታዋ ነገርኳት፤ ስም እንዳለው፣ መድኃኒት እንዳለው፣ ጠበሉን ሳትተው ሐኪምም ዘንድ እንድትሄድ። አባቷን የሚያናግር ሰው እንደሚገኝም። መምሬ ታፈረን አስቤ ነው።

«ልቡን አልጨረስኩትም ነበር» አለችኝ። «የወደቅኩት ሳልጨርስ ነው።»

ጠመኔ ሰጠኋት። የመጻሕፍት ክፍሉ በር ከውስጥ በኩል ጥቁር ነው፤ እዚያ ላይ ሣለችው። ደሙ ከሳንባ ተመልሶ በግራ በኩል ገብቶ ወደ መላው ሰውነት ሲወጣ አሳየች። አንድ ስሕተት አልነበረባትም።

ልቤ መምታት ጀመረ። እጄ ደነዘዘ። አማተብኩና ዓይን ዓይኗን አይቼ ያንኑ አልኳት፦ «ትዝታ፣ ከእኔ በለጥሽ እኮ!»

ጠበቅኩ። እሷም ጠበቀች።

ቆማለች። ሳቀች። «ነገ ሌላ ምዕራፍ አለ?» አለችኝ።

ማታ መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ልጥለው ስል አባቴ አየኝ። ተቀብሎ ዓይኑ ላይ ሞከረው፤ ወደ እሳቱ ዞሮ አየ።

«ለብልጭታው ይሆነኛል» አለ፣ እና መዶሻውን አነሣ።